የለመደው ሰውነታቸው አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እናቴ 66 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ዓመት ብቻ አራት ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟቸዋል። በመጨረሻው የካልቸር ውጤት ላይ ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ። ከተዘረዘሩት መድኃኒቶች በአብዛኞቹ ፊት ‹ሬዚስታንት› ተብሎ ተጽፏል፤ ከታች ደግሞ ‹ኢኤስቢኤል ፖዘቲቭ› ይላል። ሐኪሙ ሰውነታቸው መድኃኒቱን ለምዶታል አሉን። ከዚህ በኋላ ምን ቀረን? ባክቴሪያ የሚበላ ቫይረስ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ነጭ ሽንኩርትና ማር ይስጧቸው የሚሉንም አሉ። ከአንቲባዮቲክ ሌላ መንገድ አለ ወይ?»

አለ። ግን መጀመሪያ አንዲት ቃል እናስተካክል።

የእናትዎ ሰውነት ምንም አልለመደም። አዲስ ጫማ መጀመሪያ ይቆረቁራል፣ ውሎ ሲያድር እግር ይለምደዋል። ብዙ ሰው የመድኃኒት መላመድንም እንደዚያ ያስበዋል። እኛ ባለሙያዎችም ብንሆን «መላመድ» የምትለዋን ቃል በየፖስተሩ ስለለጠፍናት ጥፋቱ የጋራ ነው። የሚሆነው ግን ሌላ ነገር ነው። ፊኛ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ እንበል። ከእነሱ መካከል ጥቂቶቹ በአጋጣሚ መድኃኒቱን የሚቋቋሙበት ነገር ይዘዋል። አንቲባዮቲኩ እንደ ወንፊት ነው። ደካሞቹን ያራግፋል፣ ጠንካሮቹን ያስቀራል። ቦታው ሲለቀቅላቸው እነሱ ይራባሉ።

ይህን የምለው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። የለመደው ሰውነት ቢሆን ኖሮ እናትዎ ዕድሜ ልካቸውን ያ መድኃኒት አይሠራላቸውም ነበር። የተቋቋመው ግን ያ ባክቴሪያ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የሚይዛቸው ሌላ ኢ. ኮላይ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱም ሊሠራበት ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት አዲስ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከሽንቱ አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚያሳየው ምርመራ፣ ይሠራ። የዛሬ ዓመት ወረቀት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንሂድ። «ሬዚስታንት» ማለት ባክቴሪያው ያንን መድኃኒት ይቋቋማል ማለት ነው። ኢኤስቢኤል ባክቴሪያው የሚያመርተው የኢንዛይም ስም ነው። የፔኒሲሊን ቤተሰብ መድኃኒቶች ሁሉ ሞለኪውላቸው ውስጥ አንዲት ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት አለቻቸው። ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይገነባ የምታደርገው እሷ ናት። ኢኤስቢኤል ይህችን ቀለበት ቆርጦ ይጥላታል። አሞክሲሲሊንም ሴፍትሪያክሰንም በዚሁ መንገድ ይወድቃሉ። ነገሩ አዲስ እንዳይመስልዎ። ኧርነስት ቼይንና ኤድዋርድ አብርሃም ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ባክቴሪያ ውስጥ አግኝተው ያሳወቁት በ1940 ነው። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ለሕሙማን መሰጠት ገና አልጀመረም ነበር። በኒው ሜክሲኮ ከመሬት በታች ባለው የሌቹጊያ ዋሻ ውስጥ ደግሞ ከ4 ሚሊዮን ዓመት በላይ ከውጭው ዓለም ተነጥለው የኖሩ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ሰው የሠራው መድኃኒት ደርሷቸው አያውቅም። ሆኖም አንዳንዶቹ እስከ 14 የሚደርሱ አንቲባዮቲኮችን ይቋቋማሉ። ባክቴሪያና ሻጋታ ሰው ከመፈጠሩ በፊትም በዚህ መሣሪያ ሲዋጉ ኖረዋል። እኛ መሣሪያውን ተዋስን፣ ከዚያም ያለ ልክ ተኮስነው።

«ሬዚስታንት» የሚለው ለምን ተደርድሮ እንደመጣም ልንገርዎ። ኢኤስቢኤልን የሚያሠራው ጂን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው። ባክቴሪያዎች ይህችን ቀለበት እርስ በርስ ይቀባበሏታል፤ ዘር ሳይለዩ ጭምር። አንዲት ፕላዝሚድ ደግሞ የብዙ መድኃኒቶችን መቋቋሚያ አንድ ላይ ልትሸከም ትችላለች። አንዱን መድኃኒት ሲወስዱ የሌላው መቋቋሚያም አብሮ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ምን ቀረን ላሉት፣ ቀርቷል። ወረቀቱን እንደገና ይዩት። ናይትሮፉራንቶይን እና ፎስፎማይሲን የሚሉ ስሞች ካሉ ፊታቸው ላይ ምን እንደተጻፈ ያንብቡ። ሁለቱም የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። የሚሠሩበት መንገድ ከዚያች ቀለበት ጋር አይገናኝም። ኢኤስቢኤል ያለበት ኢ. ኮላይም ብዙ ጊዜ ለእነሱ እጁን ይሰጣል። ሁለቱም የሚጠቅሙት ኢንፌክሽኑ ፊኛ ላይ ብቻ ሲሆን ነው። ናይትሮፉራንቶይን ወደ ኩላሊት ለወጣ ኢንፌክሽን አይሆንም፤ ኩላሊታቸው በጣም ለደከመ ሰዎችም አይሰጥም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ማስመለስ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ነው፤ በደም ሥር የሚሰጡ ካርባፔኔም የሚባሉ መድኃኒቶችም አሉ። እነሱን ለከባዱ ቀን እናስቀምጣቸዋለን። ለፊኛ ማቃጠል ካርባፔኔም ማዘዝ ለትንኝ መድፍ መተኮስ ነው።

አሁን ወደ ቫይረሱ። ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የሰሙት ነገር ወሬ አይደለም። ስሙ ባክቴሪዮፋጅ ነው፣ ባጭሩ ፋጅ። ፍሬደሪክ ትዎርት በ1915፣ ፌሊክስ ደሬል በ1917 ለየብቻቸው አገኙት። ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ከማየቱ አሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ፋጅ ባክቴሪያው ላይ ያርፍና የራሱን ዲኤንኤ ወደ ውስጥ ይወጋል። ከዚያ ባክቴሪያውን የፋጅ ፋብሪካ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ባክቴሪያው ይፈነዳል፣ በርካታ አዳዲስ ፋጆች ይወጣሉ። የሰው ሕዋስ አይጠቅመውምና አይነካውም። ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ እንደ ሣር ምንጣፍ በሸፈነው ሳህን ላይ አንዲት ጠብታ ጣል ያደርጋሉ። በማግስቱ ምንጣፉ ተበስቶ ጥርት ያሉ ክብ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ስንት ዓመት አይቼው እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ጆርጂያ ውስጥ፣ ትብሊሲ ላይ፣ ጆርጅ ኤልያቫ በ1923 የመሠረተው ተቋም እስካሁን በዚህ ሥራ ላይ ነው። ምዕራቡ ዓለም ግን አንቲባዮቲክ ሲመጣ ፋጅን ጣል አድርጎ ሄደ። ያለ ምክንያትም አልነበረም። አንድ አንቲባዮቲክ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይገድላል፤ ፋጅ ግን መራጭ ነው። የአንዱን በሽተኛ ኢ. ኮላይ የሚጨርስ ፋጅ የጎረቤቱን ኢ. ኮላይ ዞር ብሎ ላያየው ይችላል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚገጥመውን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፣ እንደ ልብስ ልክ።

ምናልባት የሰሙት የቶም ፓተርሰንን ታሪክ ይሆናል። ፓተርሰን አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ነው። በ2015 ግብፅ ለጉብኝት ሄዶ ሳለ ታመመ። አሲኔቶባክተር የሚባል፣ መድኃኒት ሁሉ ያልበገረው ባክቴሪያ ያዘው። ኮማ ውስጥ ገባ። ባለቤቱ ስቴፋኒ ስትራትዲ የወረርሽኝ ተመራማሪ ናት፤ ፋጅ ወዳላቸው ሳይንቲስቶች ሁሉ ጻፈች። በ2016 ለእሱ ባክቴሪያ የተመረጡ ፋጆች በደም ሥሩ ተሰጡት፣ ዳነም። ታሪኩ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ፦ አንቲባዮቲኩም አብሮ እየተሰጠው ነበር።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በቤልጅየም የሚመራ ቡድን በፋጅ የታከሙ 100 ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ በ2024 አሳትሟል። ከመቶው 77ቱ ተሽሏቸዋል። ባክቴሪያው ፈጽሞ የመጥፋቱ ዕድል ግን አንቲባዮቲክ አብሮ ባልተሰጣቸው ላይ እጅግ ያነሰ ነበር። ደግሞም ይህ ከሌላ ሕክምና ጋር በዕጣ ተከፍሎ የተወዳደረ ጥናት አይደለም፤ ስለዚህ 77ን እንደ ዋስትና አይያዙት። ቢሆንም አንድ ነገር ይጠቁማል። ፋጅ የአንቲባዮቲክ ጠላት ወይም ምትክ ሳይሆን ባልንጀራው ነው።

ለምን አብረው ይሻላሉ? ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ምሳሌ ከዬል ዩኒቨርሲቲ የመጣው ነው። ስዩዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ ሲገባበት በትንንሽ ፓምፖች መልሶ ይተፋዋል። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ኩሬ ውኃ ያገኙት ፋጅ ባክቴሪያው ላይ የሚያርፈው ያንኑ ፓምፕ ይዞ ነው። ባክቴሪያው ከፋጁ ለማምለጥ ፓምፑን መጣል ወይም ማበላሸት አለበት። ፓምፑን ሲጥል ደግሞ አንቲባዮቲኩ እንደገና ይገድለዋል። ወዲህ ቢል ወንዝ፣ ወዲያ ቢል ገደል። የደም ሥሩ ላይ የተተከለለት ሰው ሠራሽ ቧንቧ በዚህ ባክቴሪያ ለተበከለበት አንድ በሽተኛ ፋጁ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተሰጥቶ ኢንፌክሽኑ ጠፍቷል።

ለሽንት ኢንፌክሽንስ? እዚህ ላይ ላሳዝንዎ ነው። ትብሊሲ ውስጥ በ97 ወንዶች ላይ፣ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በሚደረግላቸው ሰዎች ላይ፣ ጥሩ ጥናት ተደርጓል። አንዱ ቡድን ፋጅ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ወደ ፊኛው ገባለት፣ ሌላው ምንም የሌለበት ፈሳሽ፣ ሦስተኛው አንቲባዮቲክ ወሰደ። ከፋጁ ቡድን 18 በመቶ፣ ከባዶው ፈሳሽ 28 በመቶ፣ ከአንቲባዮቲኩ 35 በመቶ ተሳካላቸው። የቡድኖቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ፋጅ ከባዶ ፈሳሽ ያንሳል ማለት አይቻልም። ይበልጣል ማለት ግን ጭራሽ አይቻልም። ፋጅ ዛሬ የሚሰጠው በጥቂት ማዕከሎች፣ በልዩ ፈቃድ፣ ሌላ አማራጭ ላጡ ሰዎች ነው። ኢንተርኔት ላይ በጠርሙስ የሚሸጥ «የሽንት ፋጅ» ካዩ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት። ለእናትዎ ባክቴሪያ መርጦ ያልሞከረው ሰው ምን እንደሚሸጥልዎ እሱም አያውቅም።

ነጭ ሽንኩርትና ማር። ነጭ ሽንኩርት ሲፈጭ አሊሲን የሚባል ነገር ይወጣዋል፤ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ይገድላል፣ እውነት ነው። ሳህን ላይ ግን በረኪናም ይገድላል። ጥያቄው ከተዋጠ በኋላ ፊኛ ድረስ በበቂ መጠን ይደርሳል ወይ ነው። አሊሲን ቶሎ ይፈርሳል፣ አይደርስም። ማርም እንደዚያው። ለቁስል ተብሎ የተዘጋጀና ከጀርም የጸዳ ማር ቁስል ላይ ሲደረግ ይረዳል፣ በሕክምና ቤትም ይሠራበታል፤ ሲበላ ግን ስኳር ሆኖ ያልቃል። ዕፅዋትን መናቄ አይደለም። የወባው አርቴሚሲኒን ከዕፅ ነው የወጣው፣ ቱ ዩዩም በ2015 ኖቤል ተሸልማበታለች። መድኃኒት የሆነው ግን ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ ልኩ ታውቆ፣ በሰው ላይ ተፈትኖ ነው። እናትዎ ምግባቸው ላይ ነጭ ሽንኩርት ቢጨምሩ ማንም አይከለክላቸውም። ሕመሙ ሲነሳ በእሱ ተማምነው ሦስት ቀን መጠበቃቸው ነው የሚያስፈራኝ።

አዳዲስ አንቲባዮቲኮችስ አይመጡም ወይ ይሉ ይሆናል። ይመጣሉ፣ በጠብታ። ፕላዞማይሲን የሚባል፣ ለከባድ የሽንት ኢንፌክሽን የተሠራ መድኃኒት በ2018 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። አምራቹ አካዮጀን በሚቀጥለው ዓመት ከሰረ። መድኃኒቱ ደካማ ስለሆነ አይደለም። አዲስ አንቲባዮቲክ ሲመጣ እኛው ራሳችን «አትንኩት፣ ለክፉ ቀን ይቀመጥ» እንላለን። ካልተሸጠ ኩባንያው በምን ይኖራል? እንግሊዝ በ2022 አንድ ነገር ሞክራለች፤ ለሁለት አንቲባዮቲኮች ብዙም ተሸጠ ጥቂት፣ ለኩባንያዎቹ ዓመታዊ ክፍያ መክፈል ጀመረች። እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ ደመወዝ፣ እሳት ባይነሳም ይከፈላል። በ2019 በመላው ዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒትን በተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ እንደሞቱ ተገምቷል፤ ደመወዙ ውድ ነው ለሚል ሰው የምነግረው ይህን ነው።

ለእናትዎ ከሁሉ የሚጠቅመው «ሌላ መንገድ» ግን በጣም ተራ ነው፤ ለዚህም ይሆናል የማይወራለት። ኢንፌክሽኑን እንዳይመጣ ማድረግ ነው። ያልመጣ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ ወንፊቱም አይነቀነቅም።

66 ዓመታቸው ነው ብለዋል። ዋናው ፍንጭ እዚህ ጋ ነው። ሴት ካረጠች በኋላ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል። ከዚያ በፊት በብልት አካባቢ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ደግ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አካባቢውን አሲዳማ አድርገው ከአንጀት የሚመጣውን ኢ. ኮላይ ይከላከላሉ። ሆርሞኑ ሲቀንስ ዘበኞቹ ይሄዳሉ፣ በሩ ክፍት ይሆናል። በ1993 የታተመ አንድ ጥናት ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸውን ያረጡ ሴቶች ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ቡድን በብልት የሚቀባ የኤስትሮጅን ክሬም፣ ለሌላው ባዶ ክሬም ተሰጠ። ከወር በኋላ ኤስትሮጅን ካገኙት 61 በመቶ ላይ ላክቶባሲለስ ተመልሶ ተገኘ፤ ባዶ ክሬም በተሰጣቸው ላይ በአንዷም አልተገኘም። የኢንፌክሽኑ ቁጥርስ? ኤስትሮጅን ባገኙት ላይ በዓመት በአማካይ 0.5፣ ባዶ ክሬም በተሰጣቸው ላይ 5.9። በሙያዬ እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ አላየሁም። ክሬሙ የሚሠራው በቦታው ላይ ነው፣ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። እናትዎ የጡት ካንሰር ታሪክ ካላቸው ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚታያቸው ከሆነ ግን መጀመሪያ ለሐኪማቸው ይንገሩ። ይህን ጉዳይ ልጅም እናትም ለማንሳት ያፍራሉ፤ አውቃለሁ። አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ ከመዋጥ አንድ ቀን ማፈር ይሻላል።

ሁለተኛው ሜቴናሚን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ተረስቶ የነበረ መድኃኒት ነው። አሲዳማ ሽንት ውስጥ ሲገባ ይፈርስና ፎርማልዲሃይድ ይሆናል፤ ባክቴሪያን የሚገድለው ያ ነው። በ2022 የወጣ፣ 240 ሴቶች የተሳተፉበት የእንግሊዝ ጥናት ከዕለታዊ የመከላከያ አንቲባዮቲክ ጋር አወዳደረው። አንቲባዮቲክ የወሰዱት በዓመት 0.89 ጊዜ፣ ሜቴናሚን የወሰዱት 1.38 ጊዜ ታመሙ። ልዩነቱ ተመራማሪዎቹ አስቀድመው «ከዚህ ካላለፈ ይበቃናል» ካሉት በታች ነው። አንቲባዮቲክ ላይ ትንሽ ብልጫ አለ፣ አልደብቅም። ሜቴናሚን ባክቴሪያው አንቲባዮቲክን እንዲቋቋም መንገድ አለመክፈቱ ግን ለእኔ ያንን ብልጫ ይመዝናል። ለመከላከል እንጂ የጀመረን ኢንፌክሽን ለማከም አይሆንም።

ውኃ የማይጠጡ ከሆነ ይጠጡ። በቀን 1.5 ሊትር የጨመሩ ሴቶች በዓመት በአማካይ 1.7 ጊዜ፣ ያልጨመሩት ግን 3.2 ጊዜ የታመሙበት ጥናት አለ፤ ሴቶቹ ግን ያላረጡ ነበሩ። ልብ ወይም ኩላሊት የሚያማቸው ከሆነ መጠኑን ሐኪም ይወስን። የክራንቤሪ ጭማቂና እንክብል መጠነኛ ጥቅም አለው። ዲ-ማኖስ የሚባለው ዱቄት ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ በ2024 ወደ 600 በሚጠጉ ሴቶች ላይ ተፈትኖ ምንም አልፈየደም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ከላብራቶሪ ወንበር ሆኜ የማየው። እናትዎ አራቱንም ጊዜ ያቃጥላቸው ነበር? ቶሎ ቶሎ ያሸናቸው ነበር? ወይስ አንዳንዱ ለሌላ ጉዳይ ሄደው ሽንት ሲመረመር «ባክቴሪያ ተገኘ» የተባለ ነው? ከ70 ዓመት በላይ ከሆናቸው ጤነኛ ሴቶች መካከል ከአሥሩ ቢያንስ በአንዷ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል፤ ምንም ሳያማት። ይህ አይታከምም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ከሚጠብቃት በቀር አንቲባዮቲክ መስጠት ጉዳቱ ያመዝናል። አንድ የጣሊያን ጥናት እንዲህ ያለውን ምልክት አልባ ባክቴሪያ ማከም ይባስ ብሎ ቀጣዩን ኢንፌክሽን እንደሚያበዛ አሳይቷል። እንግዲህ ሳያማቸው ለክትትል ብቻ ካልቸር አያሠሩ። ሕመሙ ከዳነ በኋላ «ጠፍቶ እንደሆነ እንይ» ብሎ መድገምም አያስፈልግም።

ሲያማቸው ደግሞ ናሙናው በደንብ ይወሰድ። መጀመሪያ ትንሽ ሸንተው ይልቀቁት፣ መካከለኛውን ዕቃው ውስጥ ይቀበሉ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ካልደረሰ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ከቤት ሲመጣ መንገድ ላይ ግማሽ ቀን የዋለ ሽንት ብዙ ጊዜ እንቀበላለን፤ ባክቴሪያው ጠርሙሱ ውስጥ ሲራባ ውሎ እኛ ጋ በሚሊዮን ሆኖ ይደርሳል። ያንን አይቶ የሚታዘዘው መድኃኒት ለጠርሙሱ ነው የሚሆነው። ያሁኑን ወረቀት አይጣሉት። ከቀድሞዎቹ ጋር በአንድ ፋይል ይዘው ሲሄዱ የሚያክማቸው ሐኪም አዲሱ ውጤት እስኪደርስ በምን እንደሚጀምር ከዚያ ያያል።